ኅዳር ከጥር ይቀድማል

ቀን እወዳለሁ። አንዱ ወርቅ ይወዳል፣ ሌላው ጫማ ይወዳል፣ እኔ ደግሞ ቀን እወዳለሁ። በዚህ ቀን ምን ሆነ፣ ማን መጀመሪያ ደረሰ፣ ማን መጀመሪያ ሞከረ የሚል ነገር ካገኘሁ እህል ውኃም አያሰኘኝም። ልጅ ሳለሁ ወንድሞቼ «አንቺ የሞትሽ ቀን እንኳ ‹ዛሬ ከእኔ በፊት ማን ሞቶ ነበር?› ብለሽ ሳትጠይቂ ነፍስሽ አትወጣም» እያሉ ይስቁብኝ ነበር። ይሳቁ። የጋብቻቸውን ቀን ረስተው ሚስቶቻቸው ሲያኮርፏቸው ደውለው የሚጠይቁት እኔኑ ነው።

ኦስሎ ውስጥ የምንሰበሰብበት ጉባኤ ይህን ፍቅሬን ሥራ አደረገልኝ። የምንገለገልበት ቤተ ክርስቲያን የኖርዌጂያኖቹ ነው፤ እነሱ ጠዋት አምልከው ሲወጡ እኛ ከሰዓት በኋላ እንገባለን። ከስብከቱ በኋላ፣ ከማስታወቂያው በፊት ያለችው አምስት ደቂቃ የእኔ ናት። ማይኩን ይዤ በዚያ ሳምንት በታሪክ ምን እንደሆነ እነግራቸዋለሁ። በሐምሌ ሰው መጀመሪያ ጨረቃን የረገጠበትን፣ በጳጉሜ ማለቂያ፣ በእንቁጣጣሽ ዋዜማ፣ በባዶ እግሩ ሮም ላይ ሮጦ የመጀመሪያውን የኦሎምፒክ ወርቅ ያመጣልንን ሰው፣ ሁሉንም በእኛም በፈረንጆቹም አቆጣጠር አስተካክዬ። አንዳንድ ሽማግሌዎች «ይሄ ከወንጌል ጋር ምን ያገናኘዋል?» ብለው አጉረምርመው ነበር። «ወንጌሉስ እገሌ በነገሠ በዚህ ዓመት እያለ ቀን ይቆጥር የለ እንዴ?» ስላቸው ተዉኝ። ከእኔ ጋር በቀን ጉዳይ መከራከር ትርፍ እንደሌለው የገባቸው ይመስለኛል።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በፈረንጆቹ 2011 ማብቂያ ላይ ነው። ወጣቶቿ ተገድለውባት ኦስሎ ጽጌረዳ ይዛ ያለቀሰችበት ሐምሌ አልፎ፣ የበረዶው ወራት ገብቶ ነበር። ጉባኤያችን የሃያ አምስተኛ ዓመት በዓሉን በጥር ሊያከብር ኮሚቴ አቋቁሟል። ኮሚቴው ደግሞ «የመጀመሪያዎቹ» የሚል ትልቅ ሰሌዳ እናዘጋጅ አለ። የመጀመሪያው ጸሎት፣ የመጀመሪያው ጥምቀት፣ የመጀመሪያው ሰርግ፣ መጀመሪያ አውቶቡስ የነዳ፣ መጀመሪያ ቤት የገዛ። እኔ እልል አልኩ። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?

ግን ሐበሻ ነን፤ መጀመሪያ መሆን የማይፈልግ የለም። ሁለት ሰዎች «መጀመሪያ አውቶቡስ የነዳሁት እኔ ነኝ» ተባብለው፣ አንዱ «አንተማ የነዳሃት ትንሿን ነው» ብሎ ሌላውን ለሳምንታት አስኮረፈው። አንዲት እህት «ምንም ከሌለኝ በበረዶ አንሸራቶኝ እጄን የሰበርኩ የመጀመሪያዋ ብላችሁ ጻፉኝ» አለች። እሱንም ተከራካሪ አላጣችም፤ ሌላዋ ተነስታ «እኔ ካንቺ በፊት ነው እግሬን የሰበርኩት» አለቻት።

ይህን ሁሉ የሚሰበስበው የኮሚቴው ጸሐፊ ነበር። አልናብሩ በሚባል ሰፈር፣ የዕቃ ባቡሮቹ ከሚራገፉበት አጠገብ ባለ መጋዘን፣ ፎርክሊፍት የሚሉትን የዕቃ ማንሻ ይነዳል። ሥርዓት ወዳድ ሰው ነው፤ ወንበር እንኳ ጠማማ ቆሞ ካየ ሳያቀና አያልፍም። እወደዋለሁ፣ ግን ግትር ነው። ሽማግሌዎቹ ቀኑን የሚነግሩት በኢትዮጵያ አቆጣጠር ነው፤ ሰሌዳው ግን ልጆቹም እንዲያነቡት በፈረንጅ አቆጣጠር እንዲሆን ተወሰነ። ወንድማችን የተነገረውን ዓመት ሁሉ እየወሰደ ስምንት ደመረበት። አለቀ። እኔን አልጠየቀኝም። «ያንቺ አምስት ደቂቃ እኮ ሃያ ደቂቃ ነው የምትሆነው» ብሎ ነው ይባላል። እሱን ይቅር ብዬዋለሁ።

በዲሴምበር መጀመሪያ፣ አንድ እሁድ፣ ሰሌዳው ታትሞ መጣ። አዳራሹ ውስጥ ዋፍል የሚሉት ጣፋጭ ቂጣ ከሚጋገርበት ጠረጴዛ አጠገብ አቆሙት። ሰው ሁሉ ሳህኑን እንደያዘ ተሰብስቦ ስሙን ይፈልጋል። እኔም ከመሀል ገባሁ። ከሁሉም በላይ፣ በትልቁ፣ «የመጀመሪያው ጸሎት፣ ላምበርትሴተር፣ ጃንዋሪ» ይላል። ላምበርትሴተር የጋሼ ቤት ነው፤ ጋሼ የምንላቸው የጉባኤው አንጋፋ ሽማግሌ ናቸው፤ የእኔም የሥራ ቦታ እዚያው ሰፈር ነው። ወረድ ብሎ፣ አነስ ባለ ፊደል፣ «ጸሎት በሃውገንስቱዋ፣ ኖቬምበር» ይላል። ዓመቱ ያው ነው። እንግዲህ በሰሌዳው አቆጣጠር የሃውገንስቱዋው ጸሎት ከላምበርትሴተሩ አሥር ወር ዘግይቶ መጣ ማለት ነው።

ሃውገንስቱዋ የእትዬ ቤት ነው። እትዬ የምላት ከእኔ ጥቂት የምትበልጥ፣ ዕድሜዋን ሙሉ የሰው ቢሮ ያጸዳች፣ ድምጿ የማይሰማ ሴት ናት። ያኔ፣ እነዚያ ፎቆች ውስጥ ሐበሻ በጣት በሚቆጠርበት ዘመን፣ ባሏ በኅዳር ወር ሰዎችን ሰብስቦ ሳሎናቸው ውስጥ ጸሎት ጀመረ። በታኅሣሥ ድንገት ታሞ ሞተ። እሷ ያኔ እርጉዝ ነበረች። ልጁ የተወለደው አባቱ ከሞተ በኋላ በሚያዝያ ነው። ልጁ ከአባቱ ያገኘው ነገር ቢኖር አንድ ወሬ ነው፤ እናቱ ከሕፃንነቱ ጀምሮ «ይህ ሁሉ ሰው የሚሰበሰብበትን ጉባኤ የጀመረው አባትህ ነው» እያለች አሳድጋዋለች። አሁን ጢሙን ያሳደገ፣ በሩ ጎንበስ ካላለ የማያሳልፈው ጎረምሳ ሆኗል፤ አማርኛውም ኖርዌጂያንኛውም አንድ ላይ ነው የሚወጣው።

ያን እሁድ ከእናቱ ጎን ቆሞ ሰሌዳውን አነበበ። ደግሞ አነበበ። የአባቱን መቃብር በየዓመቱ ይጎበኛል፤ ድንጋዩ ላይ የተጻፈውን ዓመት እንደ ስልክ ቁጥሩ ነው የሚያውቀው። ወደ እናቱ ዞረና ዝቅ ባለ ድምፅ፣ በኖርዌጂያንኛ፣ «ማማ፣ በዚህ ጊዜ እኮ አባዬ ሞቷል» አላት።

«ኅዳር ነው ያልኩህ፤ ኅዳር» አለች።

«ያ» አለ፣ በነሱ ቋንቋ አዎ ማለት ነው። «ኖቬምበር ይላል። ግን ከሞተ በኋላ ያለው ኖቬምበር ነው። ማማ፣ ነበር ወይስ አልነበረም? እኔ ልጅ አይደለሁም፤ እውነቱን ንገሪኝ።»

እትዬ ዓመቱን በጣቷ ልትቆጥር ሞከረች፣ ጠፋባት። የዚያን ዘመን በፈረንጅ አቆጣጠር አስባው አታውቅማ! እሱ ትንሽ ጠበቃትና ጃኬቱን ትከሻው ላይ ጣል አድርጎ ወጣ። እሷ ሳህኗን እንደያዘች ቀረች። አንጀቴን በላችው። ቀጥሎ ደግሞ ደሜ ፈላ።

ጸሐፊውን ዋፍሉን ሳይጨርስ ያዝኩት። «ስንት ደመርክ?»

«ስምንት።»

«ለሁሉም?»

«ለሁሉም ነዋ! ወጥ መሆን አለበት።»

«አንተ ሰው፣ ዓመታችን የሚለወጠው በመስከረም ነው፣ የነሱ በጃንዋሪ። ከመስከረም ጀምሮ የነሱ ዓመት እስኪለወጥ ሰባት ነው የሚደመረው። ከተለወጠ በኋላ ነው ስምንት። ኅዳር ላይ ስምንት ስትደምር ወሩን አንድ ዓመት ወደፊት ወረወርከው! ጥርን ቦታው ላይ ተውከውና ኅዳርን ከኋላው አሰለፍከው።»

«እህቴ፣ ባክሽ አታወሳስቢው» አለኝ። «እዚህ አገር ስንገባ ለግማሻችን ጃንዋሪ አንድ ብለው ልደት ሰጥተውን የለ? ማን ሞተ? ደግሞ ታትሟል።»

የኮሚቴው ሰብሳቢ መጥቶ መሀላችን ገባ። እሱ ሰላም ወዳድ ነው፤ ሰላም ወዳድ ማለት ነገር እንዳይነሳ የሚፈልግ ማለት ነው። «ለአንድ ሁለት ወር ልዩነት ብለን ጉባኤ አናውክ። ጋሼ ደግሞ ልባቸውን ታመው ከሆስፒታል የወጡት ትናንት ነው። ክብርዎን ሊነጥቁ ነው የሚል ወሬ ይዘሽ ቤታቸው እንዳትሄጂ፣ በእግዚአብሔር!» አለኝ። «ለወር አይደለም የምጣላው፤ አንድ ሰው ነበረ ወይስ አልነበረም ነው ጥያቄው» አልኩት። ትከሻዬን መታ መታ አድርጎኝ ሄደ። ትከሻ መምታት እንዴት እንደምጠላ!

እትዬን ቤቷ ድረስ ሸኘኋት። ባቡሩ ውስጥ እጇን ይዤ «ጋሼ ራሳቸው ያውቁ የለም ወይ? ለምን አልጠይቃቸውም?» አልኳት።

«ስሞትልሽ እንዳታደርጊው» አለች። «ጋሼ በለቅሶዬ ጊዜ ያደረጉልኝን የማውቀው እኔ ነኝ። በስተርጅናቸው፣ በታመሙበት፣ ክብሩ የኔ ነው ብዬ ልሂድ? መጀመሪያ መባሉን ለፈለጉት ይስጡት፣ እኔ አልፈልገውም። ልጄ ግን...» አለችና ወደ መስኮቱ ዞረች። «ልጄ ዋሽተሽኛል እያለ ነው። ሌላ ምን ነገርኩት ስለ አባቱ? ይሄ ውሸት ከሆነ ሌላውንም አያምነኝም። እኔን ካላመነ ደግሞ አባት የለውም።»

በዚያ ሳሎን ከነበሩት ውስጥ አንዱ ሞቷል፤ አንዱ አሜሪካ ገብቶ ጠፍቷል፤ አንዷ አገሯ ተመልሳ የት እንዳለች የሚያውቅ የለም። ምስክር የለም። እኔ ግን አልተጨነቅሁም፤ እውነቱ ሒሳብ ነው፣ ሒሳብ ደግሞ አይታመምም አይሞትም። «ይህን ነገር ባደባባይ እንዳበላሹት ባደባባይ አቃናልሻለሁ» አልኳት። እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል ይላሉ። ልክ ነው፤ እኔ ግን «እያደር» የሚለውን አልወደውም።

በማግስቱ ለልጁ ደወልኩለት። ሰባቱንም ስምንቱንም አስረዳሁት። እርስዎ የሚባል ነገር አያውቅም፤ «አንቺ የማማ ጓደኛ ነሽ» አለኝ ፊት ለፊት። «አንቺ ሰባት ትያለሽ፣ እነሱ ስምንት ይላሉ። ሰሌዳውን ጉባኤው በሙሉ አይቶ ‹ያ› ብሏል። እኔ ማንን ልመን?» ብቆጣም ልፈርድበት አልቻልኩም። ከስልክ በስተጀርባ ድምፁ የትልቅ ሰው አልነበረም።

እንግዲህ ጉባኤው በሙሉ በነሱ ቋንቋ ‹ነይ›፣ አይደለም፣ እንዲል ማድረግ ነበረብኝ። ዘዴው የመጣልኝ ከሥራ ቦታዬ ነው።

የምሠራው አረጋውያን በሚጦሩበት፣ ሲከየም በሚሉት ቤት ነው። የኔ ሽማግሌዎች ትናንት ምሳ ምን እንደበሉ ይረሳሉ እንጂ ጦርነቱ ያለቀበትን ቀን አይረሱም፤ ለዚህ ነው የምንግባባው። በዚያ ሳምንት ግቢው በሙሉ ባንዲራ ሆነ። ለካ አንድ ኖርዌጂያን ከነጓደኞቹ በሰው ልጅ ታሪክ የመጀመሪያው ሆኖ ደቡብ ዋልታን የረገጠበት መቶኛ ዓመት ነው። ኬክ ተቆረሰ። አንዲት ዘጠና ያለፋት አሮጊት ኬኳን በማንኪያ እየወጋች «እንግሊዞቹም ሄደው ነበር» አለችኝ። «አንድ ወር ዘግይተው ደረሱ። ሲደርሱ የኛ ባንዲራ ቆሞ ይጠብቃቸዋል!» ልክ ራሷ የተከለችው ይመስል ሳቀች።

እኔ ደግሞ ቀን ስሰማ ወደ እኛ ሳልመልስ አላድርም። ሳህን እየሰበሰብኩ በሆዴ አሰላሁ። ኖርዌጂያኑ የደረሰው ዲሴምበር 14 ቀን 1911፤ በእኛ ታኅሣሥ 4 ቀን 1904። እንግሊዙ የደረሰው ጃንዋሪ 17 ቀን 1912፤ በእኛ ጥር 8 ቀን 1904። በፈረንጆቹ ሁለት ዓመት ነው፣ በእኛ ግን አንድ ዓመት! ታኅሣሥና ጥር፣ ያው 1904። እና በሁለቱም ላይ ስምንት ቢደመርስ? መተላለፊያው መሀል ቆሜ ብቻዬን ሳቅሁ። «ምን ሆንሽ?» አለችኝ ባልደረባዬ። «እንግሊዞቹን ላስቀድማቸው ነው» አልኳት። ዕረፍት ያስፈልጋታል ብላ ሳታስብ አልቀረችም።

እሁድ ደረሰ። ስብከቱ አልቆ ማይኩን ስይዝ አዳራሹን ቃኘሁ። ጸሐፊው ሁለተኛው ረድፍ ላይ ነው። ልጁ እናቱን በመኪና ስለሚያመጣ ከኋላ በሩ አጠገብ ቆሟል፤ እናቱ ለብቻዋ መሀል ተቀምጣለች። ከዚያ አንድ ያላሰብኩት ነገር አየሁ፤ ጋሼ መጥተዋል። ከዘራቸውን ጉልበታቸው መሀል አድርገው ከፊት ተቀምጠዋል። ሰብሳቢው ከሩቅ በዐይኑ «ተዪ» አለኝ። ልተወው ይሆን አልኩ፣ አልዋሽም። ታምመዋል፤ በሰው ፊት ማሳጣት ነው። ቀና ስል እትዬን አየኋት። አንገቷን ደፍታለች። ማይኩን አጥብቄ ያዝኩ።

«ዛሬ ስለ ሁለት መንገደኞች ነው የምነግራችሁ» ብዬ ጀመርኩ። ስለ በረዶው፣ ስለ ውሾቹ፣ ስለ ውድድሩ ነገርኳቸው። ባንዲራው ጋ ስደርስ አንዳንዱ አጨበጨበ፤ ሰው የሚኖርበት አገር ሲያሸንፍ ደስ ይለዋል። «ኖርዌጂያኑ በታኅሣሥ ደረሰ፣ እንግሊዙ በጥር ደረሰ። በእኛ አቆጣጠር ሁለቱም በ1904። አሁን ወደ ፈረንጅ እንመልሰው። ወንድሜ» አልኩ ወደ ጸሐፊው ዞሬ፣ «አንተ ሒሳብ ላይ ጎበዝ ነህ። ለሁለቱም ስምንት ስምንት ደምርልኝ።»

ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ አልገባውም። ጮክ ብሎ «1912» አለ።

«ለኖርዌጂያኑም?»

«ለሁለቱም። ዲሴምበር 1912፣ ጃንዋሪ 1912።»

«እሰይ! ከጃንዋሪና ከዲሴምበር የቱ ይቀድማል?»

«ጃንዋሪ ነ...» ብሎ አፉ ላይ ቀረ።

«እልል በሉ እንግዲህ፣ እንግሊዝ አሸነፈ!» አልኩ። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። «ነገ ጠዋት አልናብሩ ገብተህ ለአለቃህ ንገረው። ‹መቶ ዓመት ሙሉ ኬክ የቆረሳችሁት በስሕተት ነው፣ የሐበሻ ኮሚቴ አጣርቶታል› በለው። በደኅና ከተመለስክ እሁድ ትነግረናለህ።» ሰው እንባው እስኪፈስ ሳቀ። ሰብሳቢው እንኳ በመሐረቡ አፉን ሸፈነ።

ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቅሁ። ከዚያ እየሳቅሁ እንዳልሆነ እንዲሰሙት ድምፄን ዝቅ አደረግሁ። «ታኅሣሥ ከጥር ይቀድማል። ኅዳርም ከጥር ይቀድማል። ሕፃን ያውቀዋል። እዚያ ሰሌዳ ላይ ግን ጥር ኅዳርን ቀድሞታል፤ በዚህም ምክንያት በኅዳር በሕይወት የነበረን ሰው ሞቶ ነበር ብለን ጽፈናል። የሰው ባል ነው። የሰው አባት ነው።»

ከዚያ የጋሼ ከዘራ ወለሉን ሲመታ ተሰማ። ሊነሱ ነው። አንዱ ሊደግፋቸው ሲል እጁን መለሱት። ተናደው ከሆነ ይናደዱ አልኩ በሆዴ፣ የመጣውን እችለዋለሁ።

«እኔ ኦስሎ የገባሁት በታኅሣሥ ነው» አሉ። «ማንንም አላውቅም ነበር። ሐበሻ የት ይገኛል ስል ‹ሃውገንስቱዋ ለቅሶ አለ፣ ሁሉም እዚያ ነው› አሉኝ። ሄድኩ። የዚያን ጊዜዎቹን ሰዎች ሁሉ የተዋወቅኋቸው በማላውቀው ሰው ለቅሶ ላይ ነው። ‹የሰበሰበን እሱ ነበር፤ አሁን የት እንሰብሰብ?› እያሉ ያለቅሱ ነበር። እሷ ደግሞ ነፍሰ ጡር ናት። በዚህች ልጅ ላይ እንግዳ አንጫንባት፣ እስክትጠነክር እኔ ቤት ይሁን አልኩ። ጥር ላይ ወደ እኔ የመጣው እንዲያ ነው። እስክትጠነክር ብለን የወሰድነውን ሳንመልስ እዚያው ቀረ።» ትንፋሽ አጠራቸውና ቆሙ። «ኮሚቴው ‹መጀመሪያ እርስዎ ቤት› ሲለኝ፣ እዚያው ላምበርትሴተር ሰፈር ውስጥ መጀመሪያ ማለታቸው መስሎኝ አሜን አልኩ። ሰሌዳውን ዐይኔ አያነበውም።»

ከዚያ በዝግታ ወደ በሩ ዞሩ፤ ልጁ ወደ ቆመበት። «ልጄ፣ አባትህን በዐይኔ አላየሁትም። የሰበሰባቸውን ሰዎች ግን አይቻለሁ። እናትህ እውነቷን ነው።»

ልጁ ያን ሁሉ ሰው እያቋረጠ፣ «ይቅርታ፣ ይቅርታ» እያለ፣ ጉልበት እየነካ፣ እናቱ ያለችበት ረድፍ ገባና ጎኗ ተቀመጠ። እሷ ከቦርሳዋ መሐረብ አውጥታ ሰጠችው፤ እሱ መልሶ ለሷ ሰጣት። እኔ ማስታወቂያ ለሚያነበው ሰው ማይኩን አቀብዬ ወጣሁ፤ ሆዴ ሲባባ ሰው እንዲያየኝ አልወድም።

ዋፍሉ ጋ ጸሐፊው ጣቱን እያጠፈ ሲቆጥር አገኘሁት። «ሰባት ነው ለካ» አለኝ። «ሰባት ነው።» «ጥምቀቱንም፣ ሰርጉንም አበላሽቻለሁ ማለት ነው?» «ከመስከረም እስከ ዲሴምበር ማለቂያ ያለውን በሙሉ።» ራሱን ያዘ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ አሉ» ብሎ ሄዶ እትዬን ይቅርታ ጠየቃት፤ አጎንብሶ፣ እንደ ወጉ። ያን ቀን ከበፊቱ ይበልጥ ወደድኩት፤ ግትር ሰው አንዴ ካመነም ግትር ነውና፣ በሳምንቱ ሰሌዳውን አሳትሞ ከማምጣት ይልቅ ስሕተቱ ላይ ነጭ ወረቀት ለጥፎ በእጁ ጽፎበት መጣ። «እንደታረመ ይታይ» አለ። አዲስ ቢያሳትም ያምር ነበር ስለው አልሰማኝም።

በጥር በዓሉ ተከበረ። ኅዳር ስላለፈን ቀኑን አልቀየርነውም። አዳራሹ ሞላ፣ ሰው ከበርገንና ከስታቫንገር ሳይቀር መጣ፣ የኖርዌጂያኖቹ ቄስም ከነሚስታቸው ከፊት ተቀመጡ። «የመጀመሪያዎቹን» የማነበው እኔ ነኝ፤ በዚህስ ማንም አልተከራከረኝም። ሌሊቱን ሙሉ የተመካከሩ ይመስል ሁሉም ነጭ ለብሰዋል። ጋሼ ከዘራቸውን ትተው በልጃቸው ክንድ ገቡ። እትዬ ከልጇ ጋር ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበረች።

«በኅዳር ወር፣ ሃውገንስቱዋ ባለ አንድ ሳሎን» ብዬ አነበብኩ፣ የባሏን ስም ከነአባቱ ጠርቼ፣ «ይህን ጉባኤ ጀመረው። አምስት ሰዎች ነበሩ። ከእነዚያ መካከል ዛሬ ከእኛ ጋር ያላችሁ እስቲ ተነሱ፣ እንያችሁ።»

አንድ ሰው ብቻ እንደሚነሳ አውቅ ነበር። እትዬ ነጠላዋን አስተካክላ ተነሳች። ጭብጨባው ሊጀምር ሲል እጇን አነሳች፤ ያቺ ድምጿ የማይሰማ ሴት ጉባኤውን በእጇ ዝም አሰኘችው። ከዚያ ጎንበስ ብላ፣ ቀና ብሎ የሚያያትን ልጇን በጃኬቱ እጅጌ ጎተተችው።

«ተነስ እንጂ!» አለችው፤ ሁላችንም ሰማን። «አንተም ነበርክ እኮ። ሆዴ ውስጥ።»

ተነሳ።